ሰው በበዛበት ቦታ ዋይ ፋይ ለማን ይደርሳል? ከመተማ ኬላ የሚነሳ የቴክኖሎጂና የውል ጥያቄ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ከአገራችን የድንበር በሮች ይበልጥ የተጨናነቀው የመተማ ዮሐንስ ኬላ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከገላባት ወደ መተማ ተሻገሩ። ከስደት ኑሮ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ ሱዳናውያን ቤተሰቦች፣ በካርቱም ይሠሩ የነበሩ የሌሎች አገሮች ዜጎች ነበሩበት። ከእነሱም ብዙዎቹ ወደ ጎንደር ሲያልፉ፣ ስደተኞቹ በምዕራብ ጎንደር ዞን በተከፈቱት የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች እንዲቆዩ ተደረገ።

እንዲህ ያለ መንገደኛ ውኃና ጥላ ካገኘ በኋላ የሚፈልገው ነገር ስልክ ነው። ካርቱም የቀረች እናቱ በሕይወት መኖሯን ማወቅ፣ ጎንደር ላለ ወንድሙ «ደርሻለሁ» ማለት፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ገንዘብ መጠየቅ ይፈልጋል። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት መቶ ሰው ቆሞ፣ አምስት መቶው በአንድ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ኢንተርኔት ሲፈልግ ምን ይሆናል? የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ይህ ነው።

ጥያቄው የጦርነት ጊዜ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የመተማና የቋራ ቆላ ሰሊጥ አብቃይ ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት የከተሞቹን መልክ ይለውጠዋል። የአውቶቡስ መናኸሪያው፣ የባንኩ አዳራሽ፣ የጉምሩክ ኬላው፣ የምርት ገበያው መጋዘን ግቢ፣ ሁሉም በዓመቱ ውስጥ ከአቅማቸው በላይ ሰው የሚይዙበት ወቅት አላቸው። አዲስ አበባ ላለው አንባቢም ቢሆን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የሆቴል ስብሰባ አዳራሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያው ናቸው። ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ዋይ ፋዩ ቢሞት ሰዉ ተነጫንጮ ወደ ሞባይል ዳታው መመለሱ ነው። ኬላው ላይ ግን የሱዳን ሲም ካርድ ብቻ የያዘ ሰው መመለሻ የለውም።

ሐሳባችንን ከወዲሁ በአጭሩ እናስቀምጥ። ሰው በበዛበት ቦታ የአንድን አክሰስ ፖይንት ብቃት የሚወስነው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አይደለም፤ ተራውን የሚያከፋፍልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ይሮጣል?» ሳይሆን «ለመጨረሻው ሰው ምን ያህል ይደርሰዋል?» ብሎ ነው።

አየሩ የጋራ ነው

አክሰስ ፖይንት ማለት በመስመር የመጣውን ኢንተርኔት በሬዲዮ ሞገድ ለስልክና ለኮምፒዩተር የሚያድል መሣሪያ ነው። በየቤታችን ያለው ሣጥን የራውተርንም የአክሰስ ፖይንትንም ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራ ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። በተቋማት ግን ራውተሩ አንድ ክፍል ይቀመጣል፤ አክሰስ ፖይንቶቹ ደግሞ በየጣሪያውና በየምሰሶው ይሰቀላሉ።

ዋይ ፋይ የሚሠራበት ሥርዓት ሰብሳቢ የሌለው የዕድር ስብሰባን ይመስላል። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው። መናገር የፈለገ ስልክ መጀመሪያ ያዳምጣል። ዝም መባሉን ሲያረጋግጥ ለራሱ ዕጣ አውጥቶ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይናገራል። ሁለቱ እኩል ዕጣ ካወጡ እኩል ይናገሩና ማንም አይሰማም። ሁለቱም ከበፊቱ ረዘም ያለ ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። አምስት ሰው ባለበት ስብሰባ ይህ ሥርዓት ደህና ይሠራል። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመጠበቅና በመጋጨት ነው።

የሐሳቡ ሥር የቆየ ነው። በሀዋይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1971 አሎሃኔት የተባለውን የሬዲዮ ኔትወርክ ሥራ ሲያስጀምሩ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ በፈለገው ሰዓት ይልክ ነበር። በሒሳብ እንደተረጋገጠው በዚያ ሥርዓት የቻናሉ ጥቅም ላይ የሚውለው ክፍል ቢበዛ ከመቶ 18 ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው በግጭትና በዝምታ ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው የመጀመሪያው የዋይ ፋይ ደረጃ፣ 802.11 የተባለው፣ «ከመናገርህ በፊት አዳምጥ» የሚለውን ሕግ አስገባና ብክነቱን በብዙ ቀነሰው። ሆኖም የጋራ አየር የጋራ አየር ነው፤ ተናጋሪ ሲበዛ ተራ መርዘሙ አይቀርም።

ይህ በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ስቲቭ ጆብስ አይፎን 4ን ለዓለም ሲያሳዩ ስልኩ ድረ ገጽ መክፈት አቃተው። ምክንያቱን ራሳቸው ለተሰብሳቢው ነገሩት፤ በአዳራሹ ውስጥ 570 የዋይ ፋይ ጣቢያዎች እየሠሩ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ ታዳሚዎች በኪሳቸው ይዘው የገቡት የሞባይል ዋይ ፋይ ነበሩ። ጆብስ ታዳሚውን ዋይ ፋያችሁን አጥፉልኝ ብለው ለመለመን ተገደዱ። በአዳራሹ የጠፋው ገንዘብም ባለሙያም አልነበረም። አየሩ ሞልቶ ነበር።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዴት ይነበባል?

በገበያ ላይ «1800» የሚል ቁጥር የተለጠፈበት ዋይ ፋይ 6 መሣሪያ በብዛት ይገኛል። ቁጥሩ ከየት መጣ? መሣሪያው ሁለት ሬዲዮ አለው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው 574፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው 1201 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ይደርሳል ይባላል፤ ሻጩ ሁለቱን ደምሮ ወደ ላይ አጠጋጋው። አንድ ስልክ በሁለቱ ሬዲዮዎች በአንድ ጊዜ ስለማይገናኝ ድምሩን ማንም ተጠቃሚ አያየውም።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። 1201 የሚገኘው አራት ቻናሎችን አጣምሮ በአንድ ሰፊ መንገድ ሲሠራ ነው። ሰው በበዛበት ቦታ ግን ብዙ አክሰስ ፖይንቶች ጎን ለጎን ስለሚያስፈልጉ፣ እያንዳንዱ በጠባቡ የ20 ሜጋኸርዝ ቻናል እንዲሠራ ይመከራል። በዚያ ስፋት ያው መሣሪያ ለአንድ ዘመናዊ ስልክ የሚሰጠው ጣሪያ ወደ 287 ሜጋ ቢት ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ለማዳመጥ፣ ለመጠበቅና «ደርሶኛል» ለመባባል የሚሄደውን ስንቀንስ፣ ግማሹን ያህል ማለትም 140 ገደማ ቢቀር ጥሩ ነው። 60 ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከ2 ሜጋ ቢት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህም ሁሉም ስልክ አዲስና ቅርብ ነው ብለን ነው። «1800» ብሎ የገዛው ሰው በእጁ ያለው ይህ ነው።

«እስከ 256 ተጠቃሚ ይይዛል» የሚለውም አገላለጽ መመርመር አለበት። ይህ መሣሪያው በመዝገቡ ላይ ስንት ስልክ መመዝገብ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። ለስንቶቹ ማስተናገጃ አቅም እንዳለው አይናገርም። አዳራሹ በር ላይ 256 ሰው አስገብቶ 40 ወንበር ብቻ እንደማቅረብ ነው።

አንድ ዘገምተኛ ስልክ ሁሉንም ሲያዘገይ

እ.ኤ.አ. በ2003 ማርቲን ሆይስና ሦስት ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። በዚያን ጊዜው ዋይ ፋይ በ11 ሜጋ ቢት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች መካከል አንድ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር በ1 ሜጋ ቢት ከተገናኘ፣ የሁሉም ፍጥነት ወደ እሱ ደረጃ ይወርዳል። ምክንያቱ ሥርዓቱ የሚያካፍለው የመናገርን ተራ እንጂ የመናገሪያውን ደቂቃ አለመሆኑ ነው። ሁሉም እኩል ተራ ያገኛል፤ ነገር ግን ዘገምተኛው በተራው አሥር እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

መፍትሔው «የአየር ሰዓት ክፍፍል» የሚባለው ነው። በዚህ ሥርዓት አክሰስ ፖይንቱ ለእያንዳንዱ ስልክ እኩል ደቂቃ ይመድባል፤ ዘገምተኛው በደቂቃው የቻለውን ያህል ይወስዳል፣ ሌላውን ግን አያስርም። ይህ አሠራር በተቋማት ደረጃ በሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ በብዛት ሲገኝ፣ በርካሾቹ የቤት መሣሪያዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሁለት መሣሪያዎችን ሲያወዳድሩ ከፍጥነታቸው በፊት ይህ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

ባለሙያዎች አብረው የሚወስዱት ሌላ እርምጃ አለ። ጥንታዊዎቹን ዝቅተኛ ፍጥነቶች (1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋ ቢት) ከነጭራሹ ይዘጋሉ። አየሩ በእርግጥ ይጸዳል። ነገር ግን ዝቅተኛው ፍጥነት ሩቅ ለሚደርስ ደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲዘጋ ግቢው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ከነጭራሹ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ፍጥነት የሚዘጋ ተቋም ሌላ አክሰስ ፖይንት በጫፉ የመትከል ግዴታ አለበት። አለበለዚያ የፊተኞቹን ምቾት በኋለኞቹ ኪሣራ መግዛት ይሆናል።

ትውልዶቹ ሲወዳደሩ

እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ዋይ ፋይ 4 ብዙ አንቴናዎችን በአንድ ጊዜ መጠቀምን አመጣ። በ2013 የመጣው ዋይ ፋይ 5 በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ሆኖ መንገዱን አሰፋው። ሁለቱም ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ፍጥነት ከፍ አደረጉ እንጂ የተራውን ሥርዓት በመሠረቱ አልነኩትም።

ሰው ለበዛበት ቦታ ታስቦ የተሠራው ዋይ ፋይ 6 ነው። ትልቁ ለውጡ አንዱን ቻናል እንደ መደብ በትናንሽ ክፍሎች ሸንሽኖ፣ በአንድ ጊዜ ለበርካታ ስልኮች ማደሉ ነው። የጽሑፍና የድምፅ መልእክት ትንሽ ነገር ስለሆነ ሙሉ ቻናል አያስፈልገውም፤ ቀድሞ ግን እያንዳንዱ ትንሽ መልእክት ሙሉውን መንገድ ይዞ ያልፍ ነበር። ከዚህም በላይ አክሰስ ፖይንቱ ሰብሳቢ ሆኖ «አሁን አንተ፣ አሁን አንቺ» ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የማረጋገጫ ምልክት የሚሰጠው ዋይ ፋይ 7 ደግሞ አንድ ስልክ በበርካታ ሞገዶች እኩል እንዲገናኝ ያደርጋል።

ሆኖም አንድ ትልቅ «ግን» አለ። ይህ ጥቅም የሚገኘው በሰዉ እጅ ያለው ስልክ ዋይ ፋይ 6ን ሲያውቅ ነው። በመተማ መናኸሪያ ከቆመው ሰው መካከል ብዙው ርካሽ ወይም አሮጌ ስልክ ከያዘ፣ ውዱ መሣሪያ ከእነሱ ጋር የሚነጋገረው በአሮጌው ሥርዓት ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ በጀት አንድ ውድ ዋይ ፋይ 7 ከመግዛት ሦስት መካከለኛ ዋይ ፋይ 6 ገዝቶ በተለያዩ ቻናሎች መትከል ይሻላል። ስድሳው ሰው በሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ 20 ያስተናግዳል፤ ቀደም ሲል ባሰላነው ሒሳብ ከ2 ወደ 7 ሜጋ ቢት ገደማ ያድጋል ማለት ነው። በ6 ጊጋኸርዝ የሚሠሩትን መሣሪያዎች በተመለከተ ፈቃዱ እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ከመግዛት በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ተገቢ ነው።

መሣሪያ ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይደለም

በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይጋጩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አራተኛውን አክሰስ ፖይንት በአንድ ግቢ የተከለ ሰው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሁለተኛ ተናጋሪ ጨመረ እንጂ አቅም አልጨመረም። በ5 ጊጋኸርዝ ግን እንደየአገሩ ደንብ ከ20 በላይ ቻናል ሊኖር ስለሚችል፣ የሕዝብ ብዛት ያለበት ቦታ መሠረቱ 5 ጊጋኸርዝ መሆን አለበት።

ኃይል መጨመርም ብዙ ጊዜ ያከስራል። አክሰስ ፖይንቱ ጮክ ብሎ ቢጣራ ሩቅ ያለው ስልክ ይሰማዋል፤ የስልኩ ድምፅ ግን ደካማ ስለሆነ መልሱ አይደርስም። ስለዚህ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ፣ አቅጣጫ ያለው አንቴና ተጠቅሞ፣ ሰዉን በክፍል በክፍል ማስተናገድ ይመረጣል። የሰው ገላም አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ሞገድ ይውጣል። ባዶ ግቢ ላይ ተፈትኖ «በጣም ጥሩ» የተባለ ዋይ ፋይ ግቢው ሲሞላ የሚደክመው በከፊል በዚህ ነው። መሣሪያው ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት።

በአንድ መሣሪያ ላይ «እንግዳ»፣ «ሠራተኛ»፣ «አመራር» እያሉ አምስት የዋይ ፋይ ስም መክፈትም የተለመደ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ ስም በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል «እዚህ አለሁ» እያለ ይጣራል፤ ይህን የሚያደርገውም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ስም ሲበዛ አየሩ በጥሪ ይሞላል። ሁለት ስም ይበቃል።

የቆላው ፈተና

የመተማ ቆላ የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ከፋሲካ ወዲህና ወዲያ ባለው በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ብዙዎቹ ለቤት ውስጥ የተሠሩ መሣሪያዎች እስከ 40 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ከዚያ በላይ ይግላል። ሲግል አቅሙን ይቀንሳል፤ ሲብስበት ይጠፋል። ስለዚህ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ፣ አቧራና ዝናብ የማያስገባ መሣሪያ መምረጥ፣ በጥላ ሥር መስቀልና ከክረምቱ መብረቅ የሚጠብቅ የመሬት መስመር መዘርጋት ከፍጥነት ንጽጽሩ ይቀድማል። መብራት ስለሚቆራረጥም በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የሚያገኝ መሣሪያ መምረጥ ይጠቅማል። በአንድ ባትሪ ወይም በአንድ የፀሐይ ኃይል ሥርዓት ሁሉንም አክሰስ ፖይንቶች ማንቀሳቀስ ይቻላልና።

ከሁሉም በላይ አክሰስ ፖይንት ከጀርባው ካለው መስመር አይበልጥም። 20 ሜጋ ቢት መስመር ለ200 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 100 ኪሎ ቢት ይደርሰዋል። ይህ ለጽሑፍና ለድምፅ ይበቃል፤ ለቪዲዮ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ስልክ ጣሪያ አበጅቶ፣ ቪዲዮና የስልክ ማሻሻያዎችን ለጊዜው አግዶ፣ ድምፅና መልእክትን ማስቀደም ውድ መሣሪያ ከመግዛት በላይ ሰው ይጠቅማል። መስመሩ ራሱ ሲዘጋ ደግሞ የትኛውም ንጽጽር ትርጉም ያጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ይታወሳል። ቴክኒክ ያላቃተው ነገር በአስተዳደር ውሳኔ ሊቆም እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ውሉ ላይ ሕዝቡን ጻፉት

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። አንቀጽ 2289 ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ብቻ ሳይሆን፣ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው የተለየ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ካጣ ጉድለት እንዳለበት ይቆጥረዋል። ይህ ለገዢው ትልቅ በር ነው። በሩ በቀላሉ የሚከፈተው ግን የተለየው አገልግሎት በጽሑፍ ሲገለጽ ነው። «ፍጥነቱ እስከ 1800 የሚደርስ አክሰስ ፖይንት፣ ብዛት 3» ብሎ ጨረታ ያወጣ መሥሪያ ቤት ያዘዘውን አግኝቷል። ሰዉ ሲበዛ ቢሞት ሻጩን የሚጠይቅበት መሠረት ይሳሳል።

ታዲያ ምን ይጻፍ? እንዲህ ቢባል፦ «በዚህ ግቢ፣ ግቢው በሰው በተሞላበት ሰዓት፣ አዲስና አሮጌ የተቀላቀለባቸው 60 ስልኮች በአንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ሲጠቀሙ፣ ከሁሉ ዝቅተኛ የደረሳቸው 6 ስልኮች እንኳ እያንዳንዳቸው የድምፅ ጥሪ ሳይቆራረጥ ማካሄድ ይችሉ ዘንድ።» አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ የመሣሪያውን ትውልድ፣ የአንቴናውን ዓይነትና የቻናሉን ዕቅድ ሁሉ ወደ ሻጩ ትከሻ ያሸጋግራል።

ፈተናውም ሐቀኛ ይሁን። ሁለት መሣሪያዎች ሲወዳደሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቻናል ስፋት፣ በተመሳሳይ ስልኮችና በተመሳሳይ ሰዓት ይፈተኑ። ውጤቱ በአማካይ አይገለጽ። አማካይ ከአክሰስ ፖይንቱ ሥር የቆመውን ሰው ፍጥነት ግቢው ጫፍ ላለው አበድሮ ሁለቱም እንደጠገቡ ያስመስላል። የመጨረሻዎቹ ከመቶ አሥሩ ምን አገኙ፣ ስንቱ ተቋረጠ፣ መልእክት ለመድረስ ስንት ጊዜ ወሰደ የሚሉት ይመዝገቡ። ገዢውም ዕቃውን በተረከበ ጊዜ ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ እንዳለበት አንቀጽ 2291 እና 2292 ያስታውሳሉ። በመጋዘን ስድስት ወር ከርሞ በተከፈተ ካርቶን መካሰስ አስቸጋሪ ነው።

ሁለት ነገሮችን ጨምረን እንጨርስ። አንደኛው፣ አየሩን «የእኔ ግቢ ነው» ብሎ ማገድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በናሽቪል ከተማ በሚያስተዳድረው ሆቴል የእንግዶችን የግል የሞባይል ዋይ ፋይ እያፈነ የራሱን ያስከፍል የነበረውን ማሪዮትን 600,000 ዶላር አስከፍሎታል። ሁለተኛው የምዝገባ ጉዳይ ነው። ለዋይ ፋይ ብሎ ስምና የፓስፖርት ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከሞት ሸሽቶ የመጣን ሰው ሊያስፈራና አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር «ማንኛውም ሰው» ለሚለው ሁሉ ሰጥቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ የሚሰበስበው ለተወሰነ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዛል። ለአንድ የድምፅ መልእክት የፓስፖርት ቁጥር አያስፈልግም።

በመተማ በኩል ነገም ሰው ይገባል። ሰሊጥ ሲደርስ ሠራተኛው ይወርዳል፤ ጎረቤት አገር ሰላም እስኪያገኝ ስደተኛውም ይመጣል። ለዚያ ቀን የሚገዛው መሣሪያ የሚመዘነው ከሥሩ በቆመው ባለ አዲስ ስልክ ሳይሆን፣ አጥሩን ተደግፎ በተሰነጠቀ ስክሪን «እማማ ደርሻለሁ» ለማለት በሚሞክረው ሰው ነው። ግዢ ክፍሎች ጨረታቸውን ከማውጣታቸው በፊት ይህን ሰው በውሉ ላይ ይጻፉት እንላለን።

ቸር እንሰንብት።